ውሻችሁ የጓሮ አትክልት እየቆፈረ ካስቸገራችሁ

የካቲት ላይ ነው። የበልጉ ዝናብ ደሴን ሁለት ቀን ሙሉ አረሰረሳት። እኔም ጊዜ ሳላጠፋ ጓሮ ገብቼ ሁለት መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ቃሪያ ተከልኩ። ሲመሽ ወገቤን ይዤ ገባሁ። ጠዋት ስወጣ ግማሹ ችግኝ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። መሀል ላይ ውሻዬ ቡላ እስከ አፍንጫው ጭቃ ለብሶ ጭራውን ይቆላልኛል። እማዬ አሪቲዋ ተነቅላ ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ኮምቦልቻ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። የእሷም ውሻ ቆፋሪ ነበር። "ጥላ ሥር አዛወርኩት፣ ውሃ አስቀመጥኩለት፣ በቃ ተወ" አለችኝ። እኔም ጥላ ሥር አዛወርኩት፣ ውሃ አስቀመጥኩለት። ቡላ ውሃውን ጠጥቶ ቁፋሮውን ቀጠለ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኮምቦልቻ ከእኛ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ቁልቁል ነው። እሷ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ሆና ትሞቃለች፤ እኛ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን። የእህቴ ውሻ የሚቆፍረው ሙቀት ሸሽቶ ነበር። የእኔው ግን ምሳ ፍለጋ ላይ ነው። ሁለቱም ቆፋሪ ናቸው፣ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም።

ስለዚህ ሽቦ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ውሻው ለምን እንደሚቆፍር እወቁ። ሌላው ሥራ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

አንድ፦ ሦስት ቀን ጉድጓዱን አትድፈኑት

አዎ፣ ያናድዳል። ግን ተዉት። ሦስት ቀን ብቻ የት እንደቆፈረ፣ በስንት ሰዓት እንደቆፈረና ጉድጓዱ ምን እንደሚመስል ተመልከቱ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጉድጓዱ ብዙ ነገር ያሳብቃል።

ጉድጓዱ ጠለቅ ያላለ፣ ሰፋ ብሎ የውሻውን ሰውነት የሚያክል ከሆነና ግድግዳ ጥግ ወይም ቅጠል የበዛበት ተክል ሥር ከሆነ ሙቀት ነው። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም። የሚያልበው በመዳፉ ሥር ነው፣ ዋናውን ሙቀት የሚያስወጣው ደግሞ በማለክለክ ነው። ስለዚህ የላዩን ትኩስ አፈር ገፎ ሆዱን ቀዝቃዛው ላይ ያስተኛል። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያላችሁ ቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ ብታዩት ይህንኑ ነው የምታገኙት። ደጋ ላይም አንዳንዱ ውሻ ነፋስ ለመሸሽ እንዲህ ያለ ጎድጓዳ መኝታ ይሠራል። የውሻ ቤቱ ነፋስ የሚያስገባ ከሆነ እሱን አስተካክሉ።

ጉድጓዱ ትንሽ ትንሽና ብዙ ሆኖ መስመር የያዘ ከሆነ ውሻው አንድ ነገር እየተከታተለ ነው። ፍልፈል ወይም አይጥ ይሆናል። በአቅራቢያው ከሥር የተገፋ የአፈር ክምር ካያችሁ ፍልፈል ለመሆኑ አትጠራጠሩ። ውሻውማ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጥፋቱ ድንቹ መሀል መሥራቱ ብቻ ነው።

አጥር ወይም በር ሥር ከሆነ ሊወጣ ፈልጓል። ወንድ ውሻ ከሆነና ሰፈር ውስጥ ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ካለች ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ፈርቶ የሚቆፍርም አለ። ርችትና ነጎድጓድ የሚያስደነግጠው ውሻ መውጫ ይፈልጋል።

ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ ከደፈነው አጥንት ቀብሯል። ሲቀብር ካያችሁት ያስቃችኋል። የሚቆፍረው በእግሩ ነው፣ አፈሩን የሚመልሰው ግን በአፍንጫው ነው። ለዚያ ነው አፍንጫው ጭቃ የሚሆነው።

እርጉዝ ውሻ ከሆነች ደግሞ ለመውለጃ ነው። ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ 63 ቀን አካባቢ ነው። መጨረሻው ሳምንት ላይ ዕቃ ቤት ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ብታገኙ አትቆጧት። ጨለማ ያለ ጥግ፣ ደረቅ ጆንያና ገለባ ስጧት።

ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፣ ምንም መላ የሌለው ቁፋሮ ከሆነ ግን ሰልችቶታል። በተለይ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ። ወደዚህኛው እመለሳለሁ፤ ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነው።

የቀረው አንድ ነው፤ የእኔና የቡላ ጉዳይ። ትናንት የተከላችሁትን መደብ መርጦ ከቆፈረ ሽታ ነው።

ሁለት፦ ሽታውን አውጡ

ጥምቀት ላይ በግ አርደን ነበር። ፈርሱን ጓሮ ቀበርኩት። "ለአፈሩ ምግብ ይሆናል" ብዬ ነው፤ አባቶቻችንም እንደዚያ ያደርጋሉ። ከወር በኋላ ልክ እሱ ላይ ጎመን ተከልኩ። ለእኔ ጎመን ነው። ለቡላ ከላዩ አረንጓዴ ነገር የተሰካበት የሥጋ መጋዘን ነው።

የእኛ ሰፈር ደግሞ አረፋም ፋሲካም እኩል ይታረድበታል። አጥንቱ ከሁለቱም ወገን በአጥር ላይ ይወረወርለታል። ከቡላ በላይ በዓል የሚያከብር ፍጡር አላውቅም።

ስለዚህ ፈርስ፣ ደም፣ አጥንትና የዓሣ ትራፊ መደብ ውስጥ አትቅበሩ። ሐይቅ ሄዳችሁ ዓሣ ገዝታችሁ ስትመለሱ አንጀቱን ጽጌረዳ ሥር መቅበር የሚያምራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተዉት። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ለውሻ አፍንጫ ምንም ማለት አይደለም። ለዚህ የሚሆን አንድ ጉድጓድ ለብቻው ይኑራችሁ፤ በቆርቆሮ ክደኑት፣ ላዩ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑበት።

ፍግ ስትጨምሩ የበሰበሰ ይሁን። የበሰበሰ ፍግ ጥቁር ነው፣ በእጅ ሲያፍሱት ይፈረፈራል፣ አይሞቅም፣ የሚሸተውም ዝናብ እንደመታው አፈር ነው። ገና እበት እበት የሚል ከሆነ አልደረሰም። ጥቂት ወር ክምሩ ላይ ይቆይ፤ ደጋ ላይ ቅዝቃዜው ስለሚያዘገየው ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መደቡ ላይ ስትጨምሩትም ላዩ ላይ በትናችሁ አትሂዱ። ከአፈሩ ጋር አዋህዱት፣ ላዩን በንጹሕ አፈር ሸፍኑት።

የተቀበረውስ? እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ዶማ ይዤ ያንን ፈርስ አወጣሁት። ቡላ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ "አሁን ገባህ?" የሚል ይመስል ነበር።

ፍልፈልና አይጥ ከሆነ ደግሞ የአይጥ መርዝ አትጠቀሙ። የተመረዘች አይጥ የበላ ውሻ ራሱ ሊመረዝ ይችላል። ወጥመድ ተጠቀሙ፣ ወጥመዱን ውሻው በማይደርስበት ቦታ አድርጉት። የእህል ዕቃችሁን ግጠሙ፣ የተከመረ እንጨትና ቆርቆሮ አንሱ።

ሦስት፦ መደቡን ሸፍኑ

ምክንያቱ ቢወገድም ልማዱ ወዲያው አይለቅም። ለአንድ ወር፣ ለአንድ ወር ተኩል መደቡን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል።

እኔ ጋ የሠራው ለዶሮ ቤት የሚሆነው የሽቦ መረብ ነው። ቀዳዳው ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ፈልጉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መደቡን አስተካክሉ። ሽቦውን ላዩ ላይ ዘርጉት። ዳርና ዳሩን ወደ ታች አጥፋችሁ አፈር ውስጥ ቅበሩት። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ እንዳይቀር በጣም ተጠንቀቁ፤ የውሻ መዳፍ ይቀድዳል፣ የልጅ እግርም ይወጋል። በየግማሽ ሜትሩ በታጠፈ ወፍራም ሽቦ አፈሩ ላይ ቸክሉት። ከዚያ ችግኙን በቀዳዳው ውስጥ ትከሉ። ላዩን በስስ አፈር ወይም በጭድ ሸፍኑት። ውሻው ሲጭር ጥፍሩ ሽቦው ላይ ይያዛል፤ አያቆስለውም፣ ግን ደስ አይለውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይሄዳል። ግንዱ ሲወፍር ዙሪያውን ያለውን ሽቦ በመቁረጫ አስፉለት፣ አለዚያ ያንቀዋል።

ሽቦ መግዛት ካልፈለጋችሁ ድንጋይ አለ። ወሎ ውስጥ ድንጋይ ጠፋ የሚል ሰው ይዋሻል። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን መርጣችሁ በተክሎቹ መሀል ደርድሩ። ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ ይበል። ድንጋይ ሌላም ጥቅም አለው፤ በበጋ እርጥበቱን ይይዛል። ለጌሾ፣ ለጤና አዳም፣ ለጽጌረዳና ለሎሚ ከሽቦው ይልቅ ድንጋዩን እመርጣለሁ። እነዚህ ዓመት ከዓመት የሚቆዩ ናቸው፣ ድንጋዩም እንደዚያው። ዘሩ በቀጥታ ለሚዘራ ካሮትና ሰላጣ ግን ድንጋይ አይሆንም።

እሾህም የቆየ ዘዴ ነው። አጋም ወይም ቀጋ ቆርጦ መደቡን ዙሪያውን ማጠር ይቻላል። ዙሪያውን ነው ያልኩት። አፈር ውስጥ አትቅበሩት። ውሻው መዳፉ ተወግቶ ሲያነክስ ውሎ ማታ የምታክሙት እናንተ ናችሁ።

ዝቅ ያለች የባሕር ዛፍ ጭራሮ አጥርም ትረዳለች። 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃታል። የሚዘል ውሻ ይዘላታል፤ ግን አብዛኛው ውሻ "እዚህ አይገባም" የሚለውን ከአጥሯ ይማራል።

የግቢው አጥር ሥር ለሚቆፍረው ሽቦውን አጥሩ ላይ አያይዙና የታችኛውን ጫፍ ወደ ግቢው ውስጥ አጥፋችሁ መሬት ላይ አስተኙት፤ ክንድ ያህል ይርዘም። ላዩን አፈርና ድንጋይ አልብሱት። ውሻ ሲቆፍር አጥሩ ሥር ይጀምራል እንጂ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ማለት አይታየውም።

አራት፦ የራሱን ቦታ ስጡት

ይህንን ስናገር ጎረቤቴ ሳቀብኝ። "ውሻ ደግሞ ቦታ ተመርቶ!" አለ። ይሳቅ። የሠራው ይሄኛው ነው።

መቆፈር ለውሻ ተፈጥሮው ነው። ጨርሶ ማስቀረት ከባድ ነው፣ ቦታ ማስቀየር ግን ይቻላል። ከመደቡ ራቅ ያለ ጥላ ያለበት ጥግ ምረጡ። ስፋቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። አሸዋና አፈር ደባልቃችሁ ሙሉት። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ የሌለበት ግቢ መቼም የለም። ዳሩን በድንጋይ ከፍ አድርጉት፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ገብቶ ማጥ እንዳይሆን በአንድ በኩል መውጫ ተዉለት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ላዩን ቆርቆሮ ካላደረጋችሁለት ጭቃ ጠልቶ ወደ ጎመኑ ይመለሳል።

አሁን ሥራው አጥንት መቅበር ነው። የመጀመሪያውን ቀን እያየ ቅበሩለት፣ ግማሹ ይታይ። ሲያወጣው "ጎሽ!" በሉት። በማግስቱ ትንሽ ጠለቅ አድርጉት። ከዚያ ሳያያችሁ ቅበሩ። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። አጥንቱ ጥሬ ይሁን። የተቀቀለና የተጠበሰ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዶሮ አጥንት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አጥንት ከሌለ የደረቀ ዳቦም ያገለግላል።

ሙቀት ለሚሸሸው ውሻ ያንኑ ቦታ ጠዋትና ቀትር ላይ ውሃ አርከፍክፉበት። እህቴ አሁን የምታደርገው ይሄንን ነው።

አምስት፦ ሥራ ፈት አታድርጉት

የእኛ አገር ውሻ ኑሮ ይታወቃል። ቀን በሁለት ሜትር ሰንሰለት ይታሰራል። ማታ ይፈታል፣ "ጠብቅ" ይባላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተጠራቀመ ጉልበት ይዞ ጨለማ ውስጥ ይለቀቃል። ጅቡ ከጦሳ በኩል ሲጮህ ይጮሃል፤ ጅቡ ሲያቆም ምን ይሥራ? ለስላሳ መደብ አለ።

ጠዋት ሃያ ደቂቃ፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ይዛችሁት ውጡ። በማሰሪያ ይሁን። ከውሻ ጋር መነካካት የማይፈልግ ጎረቤት አለ፣ የሚፈራ ልጅም አለ፤ መንገዱ የሁሉም ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ሳያገኝ አታውጡት።

ቀን ማሰር ግድ ከሆነ ሰንሰለቱን ግንድ ላይ አትቋጩት። ከግድግዳ እስከ ዛፍ ወፍራም ሽቦ ወጥሩ፤ ሰንሰለቱን በቀለበት እሱ ላይ አንጠልጥሉት። ውሻው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ትልቅ ነው። ሽቦውን መደቡ ጋ ከማይደርስበት ቦታ መወጠር እንዳትረሱ። የረሳ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ምግቡንም በአንድ ጊዜ ሳህን ላይ አትገልብጡለት። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ክዳኑን አውልቁ፣ ጎኑን ሁለት ሦስት ቦታ ቅደዱት፣ የደረቀ ዳቦ ወይም ድርቆሽ ክተቱበት። እየገፋ፣ እያንከባለለ ግማሽ ሰዓት ይታገለዋል። ላስቲኩን ማኘክ ከጀመረ ግን ውሰዱበት።

ስድስት፦ ሲቆፍር ስትይዙት

የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ። እኛ ቤት እማዬ "ዋ!" ትላለች፣ የወንድሜ ልጅ "ቡላ ኧረ!" ይላል፣ እኔ እጮሃለሁ። ውሻው የትኛውን ይስማ? "ተው" ላይ ተስማማን።

መደቡ ላይ እግሩን ሲያነሳ ስታዩት "ተው!" በሉ፤ አንድ ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋችሁ። ቀና ሲል ጥሩት። ወደ ራሱ ቦታ ውሰዱት። እዚያ ሲጭር አመስግኑት፣ ትንሽ ነገር አቅምሱት። በቃ፣ ሌላ የለውም። በየቀኑ ነው እንጂ።

ከሰዓታት በኋላ ያገኛችሁትን ጉድጓድ ግን ተዉት። ውሻ ቁጣውን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ጠዋት የቆፈረውን ማታ ብትመቱት የሚገባው "ጌታዬ ከሥራ ሲመጣ ይመታኛል" የሚለው ነው። ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ሲያሸሽ "ጥፋቱን ያውቃል" እንላለን። የሚያውቀው መናደዳችንን ነው። እኔ ቡላን አንድ ቀን አንገቱን ይዤ እስከ ጉድጓዱ ጎትቼ በጫማ መታሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ቁፋሮውን አልተወም፤ እኔ ስተኛ መቆፈር ጀመረ።

ሰው የሚመክራችሁ፣ እናንተ ግን የማታደርጉት

በርበሬና ሚጥሚጣ መደቡ ላይ አትበትኑ። ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ያሠቃየዋል። አንድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ ይሄዳል፣ በርበሬውም በከንቱ ይቀራል።

የቡና አተላ ተክል ላይ መድፋት የለመድን ብዙ ነን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶም አተላው ውስጥ ካፌይን ይቀራል። ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ቆፋሪ ውሻ ካላችሁ አተላውን የተከደነው ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት።

ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የልብስ ብል መከላከያ ክኒን፦ ሦስቱም ውሻውን ይጎዳሉ። አፈሩንም ያበላሹታል። ጎመኑን የምትበሉት እናንተ ናችሁ።

የራሱን ዓይነ ምድር ጉድጓዱ ውስጥ መቅበርም ይመከራል። አንዳንዱ ውሻ እውነት ይርቃል። ግን በውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። አትክልት መደብ ውስጥ ፈጽሞ።

የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት መደብ ደግሞ ከሁሉም በፊት ይታጠር። ውሻው ቆፍሮ ከበላው ቀይ የደም ሕዋሱን ይጎዳበታል።

የተነቀለውን ለማዳን

ቶሎ ከደረሳችሁ ብዙው ይድናል። ሥሩ ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ጣሉበት። ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ከሆነ የታችኞቹን ትልልቅ ቅጠሎች ቁረጡ፤ ሥሩ የተጎዳ ተክል ያንን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። ከነበረበት ትንሽ ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉት፣ ዙሪያውን በእጅ ጠቅጠቅ አድርጉ፣ ውሃ አጠጡ፣ ሦስት ቀን በቅጠል አጥሉት። ጽጌረዳና ጌሾም እንዲሁ ይነሳሉ። ካሮት ግን አንዴ ከተነቀለ በቀጥታ ወደ ድስት ነው። ድንች ከተገለጠ ቶሎ አፈር አልብሱት፤ ፀሐይ አይቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች አይበላም።

ሐኪም የሚታይበት ጊዜ

ቆፍሮ የማያውቅ የጎልማሳ ውሻ ድንገት ቀን ከሌት ከቆፈረ፣ አፈሩን የሚበላ ከሆነ፣ ወይም ጥፍሩ እስኪደማ የማያቆም ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ያ የጓሮ ጉዳይ አይደለም።

ሽቦውን ለማንሳት አትቸኩሉ። ውሻው ሁለት ሳምንት መደብ ሳይነካ ሲቆይ አንዱን አንሱ፤ ብዙም ከማይወደው ጀምሩ። ሳምንት ጠብቁ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን አንሱ። ከቆፈረ መልሱት። ሰኔ ላይ ለክረምቱ አዲስ አፈር ስትገለብጡ እንደገና ሊያምረው ይችላል፤ ለዚያ ሽቦውን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። እኔ የጎመኑንም የቃሪያውንም አንስቻለሁ። የአሪቲዋ ግን እንዳለ ነው። እማዬ አልፈቀደችም።